የአምናው ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ሆነ፤ ልጄ ማደግ አቁሞ ይሆን?

ከአዲስ አበባ አንዲት እናት የላከችው ጥያቄ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

"ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ሲወለድ 3.2 ኪሎ ነበር። ዓመት ሲሞላው 9.8 ኪሎ ደረሰ። ያኔ የሰጡትን ሁሉ ይበላል፣ ልብሱ በየሁለት ወሩ ይጠበዋል። አሁን ግን 12.4 ኪሎ ላይ ቆሟል። ለአምናው እንቁጣጣሽ የገዛሁለት ሱሪ እስካሁን ልኩ ነው። ምግብ ሲያይ አፉን ይገጥማል። ሞግዚቷ ስልክ ከፍታ፣ ቤቱን ሙሉ እየተከተለች ነው የምታጎርሰው። ደግነቱ ወተት አይጠላም፤ በቀን አራት ጡጦ ይጨርሳል። የባለቤቴ እህት ልጅ እኩያው ነው፤ እሱ 15 ኪሎ ገብቷል። አማቴ 'እንጥሉ ወርዶ ነው' ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ነገረችኝ። የእሷ ልጅ በአንድ ወር ሲወፍር በዓይኔ አይቻለሁ። ልስጠው? እኔ ቢሮ ስለምውል የሚበላውን አላይም፤ ሳላየው እንዳያልፈኝ እሰጋለሁ።"

የሕፃናት ሐኪሙ ምላሽ፦

ልጅዎ ማደግ አላቆመም። ሽሮፑንም አይስጡት። በጽሑፍዎ ውስጥ በእርግጥ የሚያሳስብ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ግን እርስዎ "ደግነቱ" ብለው ነው ያለፉት። እመለስበታለሁ።

በቁጥሩ እንጀምር። ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት 6.6 ኪሎ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በ15 ወራት የጨመረው 2.6 ኪሎ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ያስደነግጣሉ። ግን ጤነኛ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያድገው። በአራት ወይም በአምስት ወሩ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል፤ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ። ከዚያ ፍጥነቱ ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው የሚጨምረው። ቁመትም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 8 ወይም 9፣ በአራተኛው 7 ገደማ። ከዚያ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ አምስት ዓመት ሲሞላው 36 ኪሎ ይሆን ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ክብደት ማለት ነው።

የምግብ ፍላጎቱ የወረደውም ለዚሁ ነው። እድገቱ ሲቀንስ ሰውነቱ የሚጠይቀውም ይቀንሳል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን "ስላልበላ ነው ያላደገው" እንላለን። ዓመት ከሞላቸው በኋላ ምግብ ዘጋቸው ተብለው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ አልታመሙም። ለመጠናቸው የሚበቃቸውን እየበሉ ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ መልካቸው ይለወጣል። ቆመው ይሄዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ እግራቸው ይረዝማል፣ ጉንጫቸው ይጎድላል። ዘመድ ሁሉ "ምነው ከሳ?" ማለት የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ስለ ሱሪው ብዙ አይጨነቁ። የበዓል ልብስ ስንገዛ "ያድግበታል" ብለን አንድ ሁለት ቁጥር አሳልፈን ነው የምንገዛው። ጫማ የተሻለ ምስክር ነው። ልጁን አቁመው ከረጅሙ ጣቱ ፊት ያለውን ክፍተት በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ጣቱ ጫፉን ከነካ እግሩ አድጓል፤ ጫማው ይቀየር።

አሁን ወደ እኩያው እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንደሚለው የ27 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 12.7 ኪሎ ነው። የእርስዎ 12.4 ላይ ነው። መካከለኛ ማለት ደግሞ ሁሉም እዚያ መድረስ አለበት ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት የሞላቸው ጤነኛ ወንዶች ከ9.7 እስከ 15.3 ኪሎ ባለው ክልል ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። የእህትየው ልጅ 15 ኪሎ ቢሆን ከላይኛው ጫፍ ቀረብ ይላል እንጂ ከእርስዎ ልጅ የበለጠ ጤነኛ ነው አያሰኝም። እኔ የማየው ልጁ የራሱን መስመር ይዞ መሄድ አለመሄዱን ነው። የእርስዎ ልጅ ዓመት ሲሞላው መካከለኛው መስመር አጠገብ ነበር። አሁንም እዚያው አካባቢ ነው።

"ይሄ የፈረንጅ ልጅ ልኬት ነው፣ ለእኛ አይሆንም" የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ልጆችን በመለካት ነው። የታየው ነገር ግልጽ ነው። በደንብ የጠባ፣ በቂ ምግብ ያገኘና በበሽታ ያልተመታ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የትም አገር ቢወለድ አስተዳደጉ ተቀራራቢ ነው። "የእኛ ዘር አጭር ነው" የሚለው ሰበብ ለትንሽ ልጅ ብዙም አያስኬድም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ ኪሎ አራት ጊዜ ተጠቅሷል። ቁመት አንድም ጊዜ አልተነሳም። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ልጅን የምንመዝነው በጉንጩ ነው። የአገራችን ትልቁ ችግር ግን ክሳት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ለቁመታቸው ክብደታቸው ያነሰው 7 በመቶ ነበሩ። ለዕድሜያቸው ያጠሩት ግን 37 በመቶ ነበሩ። ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ ማለት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ከነበረው 58 በመቶ ብዙ ወርዷል፤ አሁንም ከባድ ቁጥር ነው። ያጠረ ልጅ ደግሞ ከሲታ ላይመስል ይችላል። ክብ ፊት፣ ሞላ ያለ ሆድ ይኖረዋል። እናቱም "ደህና ነው" ብላ ትቀመጣለች።

ስለዚህ ሽሮፕ ከመፈለግዎ በፊት የልጁን ቁመት ያስለኩ። እስከ 15 ወር ድረስ ለክትባት ስንመላለስ ሚዛኑም አብሮ ይታያል። ከሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በኋላ ግን ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛው ቤተሰብ ተመልሶ አያወጣውም። አውጥተው ይዘውት ይሂዱ። ጫማና ዳይፐር ወልቆ ይመዘን። የረጠበ ዳይፐር ብቻውን ቀላል ክብደት የለውም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ። ቆሞ ሲለካ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቅናሽ ስለሚታይ "አጠረ እንዴ?" ብለው አይደንግጡ። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ዕድሜውን በእኛው ያስቆጥሩ፤ በፈረንጅ ከተጻፈም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደባለቁ የልጁ ዕድሜ ወረቀት ላይ ይዛባል፤ በዚህ ዕድሜ ጥቂት ወር እንኳ ብዙ ነው።

ሽሮፑን እንይ። ጎረቤትዎ ውሸት አልተናገረችም፤ ልጇ ወፍሮ ይሆናል። ጥያቄው በምን ወፈረ ነው። "ፍላጎት ይከፍታል" ተብለው ከሚሰጡት መካከል ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባለው አንዱ ነው። ይህ የአለርጂ መድኃኒት ነው። በጎንዮሽ ፍላጎት ይጨምራል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ላለውም ሐኪም በቂ ምክንያት ኖሮት ሲያዝ እንጂ በጎረቤት ምክር አይደለም። ሲቋረጥ ደግሞ ፍላጎቱ ተመልሶ ይወርዳል። ከዚህ የባሰው ዴክሳሜታዞንና የመሳሰሉት ስቴሮይዶች ናቸው። ፊት ያብጣል፣ ጉንጭ ይሞላል፣ ዘመድ ያደንቃል። ከውስጥ ግን የአጥንት እድገት ይገታል፣ በሽታ የመቋቋም አቅም ይቀንሳል። ለሳምንታት ሲወስድ ቆይቶ በድንገት ቢቋረጥ ልጁን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ጉንጭ እየሞላ ቁመት ይቆማል ማለት ነው። ጎረቤትዎ የሰጠችው የትኛውን እንደሆነ እኔ ማወቅ አልችልም። ጠርሙሱን ይዛ ሐኪም ታሳይ። ስቴሮይድ ሆኖ ከተገኘ ራሷ በድንገት አታቁመው።

አማትዎ ስላሉት እንጥል አጭር ነገር ልበል። እንጥል አይወርድም። ሁሉም ሰው ጉሮሮ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ምግብም አይዘጋም። ማስቆረጥ ግን ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ምላጭ ሌላ በሽታም ያስገባል። ግግ ማስወጣትም ያው ነው፤ ድድ ውስጥ ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው የሚነቀለው። አማትዎን መጋፋት አያስፈልግም። "ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ ደህና ነው ብሏል" ማለት ይበቃል። በእውነትም ሲሄዱ ጉሮሮውን ያሳዩ።

የሆድ ትል ሊኖር ይችላል። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ቫይታሚን "ኤ"ም ከስድስት ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ አለ። ካልወሰደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ይጠይቁ። ግን የልጅዎ ጉዳይ ትል ነው ብዬ አልጠረጥርም።

የምጠረጥረው ወተቱን ነው።

አንድ ትልቅ ጡጦ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አራቱ አንድ ላይ አንድ ሊትር ሊሞሉ ምንም አይቀራቸውም። ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወተት በሊትር 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። የሁለት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 1,000 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ ልጅዎ ከቀን ቀለቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በጡጦ ጠጥቶታል። ምሳ ሲቀርብለት አፉን የሚገጥመው ሆዱ ስለሞላ ነው። ስኳር ጣል ከተደረገበት ደግሞ የበለጠ። "ምግብ አይበላም፣ ደግነቱ ወተት ይጠጣል" የሚለው አባባል መገለበጥ አለበት። ወተት ስለሚጠጣ ነው ምግብ የማይበላው።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ትልቁ ጣጣ ብረት የምንለው ማዕድን ነው። ልጅዎ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር የላም ወተት የሚሰጠው ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። በዚያ ላይ ካልሲየሙ ከሌላ ምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያውካል። ብዙ የላም ወተት የሚጠጡ ልጆች ስለዚህ የደም ማነስ ይይዛቸዋል። ክብደታቸው ደህና ሆኖ ደማቸው ያነሰ ልጆች አሉ። የደም ማነስ ራሱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ፍላጎት ሲዘጋ እናት ትጨነቅና ሌላ ጡጦ ትጨምራለች። እሽክርክሪቱ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ይህን ሲያነቡ የልጁን መዳፍ ገልብጠው ከራስዎ መዳፍ ጋር ያስተያዩ። ነጣ ብሏል? የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርገው ይዩ። አፈር ወይም የግድግዳ ቀለም ይልሳል? ቶሎ ይነጫነጫል፣ ቶሎ ይደክመዋል? አንዱ እንኳ ካለ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ባይኖርም የደም ምርመራ ያስደርጉለት። ሄሞግሎቢን ይባላል፤ በጣት ጠብታም ይሠራል። ለዚህ ዕድሜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ልክ 11 ነው። ይህ ግን ለባሕር ወለል አካባቢ የወጣ ልክ ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ደሙ ከፍ ማለት ስላለበት መስፈርቱም ከአንድ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ "11.3 ነው፣ ደህና ነው" ቢሏችሁ "ከፍታው ታስቧል ወይ?" ብለው ይጠይቁ። የአይረን (የብረት) ሽሮፕ የሚሰጠውም ከምርመራ በኋላ፣ በኪሎው ተሰልቶ ነው። ከመጠን በላይ የተወሰደ አይረን ሕፃን ይመርዛል። ቤት ውስጥ የእርስዎ የእርግዝና ጊዜ እንክብል ተርፎ ከሆነ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ያርቁት።

ወተት ይቅርበት አላልኩም። በቀን ሁለት ኩባያ፣ ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ፣ ከምግብ በኋላ፣ በኩባያ ይጠጣ። ጡጦው ግን ይቅር። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆነ ልጅ ጡጦ አያስፈልገውም። ጡጦ አፉ ላይ ይዞ የሚተኛ ልጅ የፊት ጥርሶቹ ይበላሻሉ። መጀመሪያ የቀኑን ሁለት ጡጦ ያንሱ፤ ወተቱን በኩባያ ይስጡት። በሁለተኛው ሳምንት የማታውን ያንሱ፤ ሌሊት ሲነቃ ውሃ ብቻ። ጥቂት ሌሊቶች ያለቅሳል፣ ቤቱ አይተኛም። ታክሲ ተሰልፈው ለሥራ የሚነሱ ሰው ስለሆኑ ዓርብ ማታ ቢጀምሩት ይሻላል።

አሁን ስለ አበላሉ። ሥዕሉን ከጻፉልኝ ውስጥ አየዋለሁ። ስልኩ የስኳር ዕቃው ላይ ተደግፏል፣ ካርቱን ይዘፍናል። ሞግዚቷ ሳህን ይዛ ከሶፋው ኋላ ተንበርክካለች። ልጁ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ አፉ ሲከፈት ጉርሻው ይገባል። ገባ እንጂ በላ አይባልም። ምን እንደበላ አላየውም፤ ጠግቦ እንደሆነም አላወቀም። ሁለት ዓመት ደግሞ የእምቢታ ዕድሜ ነው። ልብስ፣ ጫማ፣ ፀጉር፣ ሁሉ ላይ "እምቢ" ይላል። በአብዛኛው የሚሸነፈው በጉልበት ስለሆነ አፉ ብቻ ነው በእርግጥ የራሱ የሆነው። በግድ ለማጉረስ በተሞከረ ቁጥር አፉን መዝጋት ይበልጥ ይለምዳል።

ሞግዚቷ ላይ አይፍረዱ። "በላልሽ?" ብለው በየምሽቱ ሲጠይቋት ሳህኑን ባዶ ማድረግ ሥራዋ ይሆናል። ጥያቄውን ይቀይሩላት። ምን እንደቀረበለት፣ በስንት ሰዓት፣ ተቀምጦ በላ ወይስ እየሮጠ፤ እነዚህን ይጠይቋት። ምን ያህል እንደበላ ለሚቀጥሉት ሳምንታት አይጠይቁ። የእናንተ ድርሻ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ መወሰን ነው። ስንት ጉርሻ የሚለው የልጁ ነው።

ሰዓቱ ይኑረው። ቁርስ አንድ ሰዓት ላይ፣ መክሰስ አራት ሰዓት፣ ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሌላ መክሰስ፣ እራት ማታ አንድ ሰዓት። በመሃል ውሃ እንጂ ብስኩት፣ ቺፕስና ጁስ የለም። ስልክና ቴሌቪዥን በምግብ ሰዓት ይዘጋሉ። ተቀምጦ ይብላ፣ በእጁ ይንካ፣ ይደፋ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ሳህኑ ያለ ቁጣ ይነሳል። "አልበላህም" ተብሎ በምትኩ ወተት አይሰጠውም። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ቤት የሚረታው። ምሳ ያልበላ ልጅ አሥር ሰዓት ላይ ይርበዋል፤ ይራበው።

መጠኑም ያታልለናል። ለአንድ ምግብ ዓይነት በዕድሜው ልክ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለእርስዎ ልጅ ሁለት ማንኪያ ሽሮ፣ ሁለት ማንኪያ አትክልት፣ ቁራሽ እንጀራ። ከጨረሰ ይጨመርለታል። የአዋቂ ጭልፋ ሙሉ ቀርቦለት ግማሹን ሲተወው "አልበላም" ማለት ትክክል አይደለም። አዲስ ምግብ አንዴ ስለተፋ አልወደደውም አይባልም። ስምንት አሥር ጊዜ ሳይቀርብለት አይፍረዱ።

ምን ይብላ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንቁላል፣ በደንብ የተፈጨ ሥጋ፣ ጉበት፣ በርበሬው የቀለለ የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ፍርፍር። ከላዩ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ይደረግበት፤ ትንሽ ሆድ ውስጥ ብዙ ጉልበት የሚገባው እንዲያ ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ ሊጡ መቡካቱም ይረዳል፤ ሆኖም ሰውነት ከእህል የሚወስደው ብረት ከሥጋ ከሚወስደው ያነሰ ነው። አብሮት ቲማቲም፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ሲቀርብ ይሻሻላል። ሻይ በዳቦ ግን ለልጅ ቁርስ አይሆንም። ሻይ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። አጥሚትም በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ፣ ወፈር ብሎ። ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ አይስጡት። ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ገብተው የሚያንቁ ናቸው፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይጀምራቸው።

ጾም ከሚጾሙ ቤቶች ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃን አይጾምም፣ ማንም እንዲጾም አላዘዘም። ግን ቤቱ ሲጾም ልጁም ሳይታሰብ አብሮ ይጾማል። ድስቱ፣ ማንኪያው፣ መጥበሻው እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉ ይቀራል። በሁዳዴ ብቻ ከሃምሳ ቀን በላይ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፣ መጥበሻና ማንኪያ ይግዙለት።

ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ በሌላ መንገድ ጤነኛ ለሆነ ልጅ ነው። ክብደቱ ከቀነሰ፣ በሦስት ወር ቁመቱ ንቅንቅ ካላለ፣ ተቅማጥ ከተመላለሰበት፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ትኩሳት አልለቅ ካለው፣ ውሃ እያበዛ ሽንቱ ከበዛ፣ ያወቀውን ቃል ወይም እርምጃ ከተወ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ የዚያኑ ዕለት ነው። የክንዱን ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ ያስለኩ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ከባድ ነው። የልጅዎ ኪሎ እዚያ ደርሷል ብዬ እንዳስብ አያደርገኝም፤ ቢለካ ግን የሚወስደው ደቂቃ ነው።

ሳላየው ያልፈኛል ስላሉት። ቀኑን ሙሉ ቤት መዋል አይጠበቅብዎትም። በቀን አንድ ምግብ ብቻ አብረውት ይቀመጡ። እራት ላይ የሚያሸንፍዎት የከተማው መንገድ ከሆነ ቁርሱን ይያዙ፤ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መነሳት ነው። የሚበሉትን እርስዎም ይብሉ፣ እሱ ሳህንዎ ላይ እጁን ይስደድ። ትንንሽ ልጆች ከሳህን ይልቅ የሚበላ ሰው አይተው ነው የሚበሉት። ቅዳሜና እሁድ አባቱም ማዕዱ ላይ ይቀመጥ፤ የልጅ ምግብ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ሲሆን ነው "ምን አበላሽው?" እያለ ወቃሽ የሚበዛው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ካርዱን ይዘው ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ክሊኒክ ይሂዱ። ክብደት፣ ቁመት፣ የክንድ ዙሪያ፣ ሄሞግሎቢን ይታይ። ጡጦውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያስወጡ። ስልኩን ከምግብ ሰዓት ያውጡ። በየሳምንቱ አይመዝኑት፤ የሳምንት ለውጥ የሚያሳየው ያልተሸናውን ሽንትና ያልወጣውን ሰገራ ነው። ወተቱ ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሎው ባለበት ቢቆም አይደንግጡ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው መለኪያ ይታይ። ግማሽ ኪሎ ገደማና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ካገኙት ምንም ሳይነኩ ይቀጥሉ። ቁመቱ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ደሙ ካልተስተካከለ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይዘውት ይምጡ፤ ያኔ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምርመራ ነው።